አሁን ቢሰጠኝስ?

ለገና አዲስ አበባ ሄጄ ነበር። ጋሼ የጨረር ሕክምናቸውን ከጨረሱ አራት ወር አልፏል። ጋሼ የምላቸው ያሳደጉኝን አጎቴን ነው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ እህል በረንዳ ሚዛን ላይ የቆሙ ሰው። ቡናው ፈላ፣ ቆሎው ቀረበ፣ እሳቸውም እንደ ድሮአቸው ዘገን አድርገው ወደ አፋቸው ጣሉ። አኘኩ፣ አኘኩ፣ አልዋጥ አላቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለስ አድርገው መሐረባቸውን አወጡ። ገብሱ ደቆ እንደ ደረቅ አሸዋ ነው የወጣው፤ ጠብታ እርጥበት አልነካውም። አክስቴ አይታ እንዳላየች ሆና ሲኒ ማጠብ ጀመረች። ጋሼ ከጎናቸው የማትለየውን ሃይላንድ አንስተው ተጎነጩና፣ «ጥርሴም አለ፣ ሆዴም አለ፤ መሃል ያለው መንገድ ነው የደረቀብኝ» አሉ።

ጉሮሯቸው ላይ የወጣውን ካንሰር ለማጥፋት በ7 ሳምንት ውስጥ 35 ጊዜ ጨረር ወስደዋል። ካንሰሩ ጠፍቷል፣ ተመስገን። ነገር ግን ጨረሩ ከግራና ከቀኝ ወደ ጉሮሮ ሲገባ ከጆሮ ፊት ያሉትን የምራቅ ዕጢዎች አቋርጦ ነው የሚያልፈው። ጤናማ ሰው በቀን እስከ አንድ ሊትር ተኩል የሚደርስ ምራቅ ያመነጫል። ምራቅ መኖሩን የሚያስታውሰው ግን የለም፤ እኔም ያን ቀን ቆሎውን ሳይ ነው ያስታወስኩት።

የኔ ሥራ ደግሞ ይኸው ነው። ጀርመን አገር አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ለሁለተኛ ዲግሪዬ የምሠራው፣ ጤናማ የሰው ሴሎችን ከጨረር ጉዳት ይከላከላሉ የሚባሉ ውህዶችን መፈተሽ ነው። ጋሼ «ምንድን ነው የምትማሪው?» ሲሉኝ ሁልጊዜ አሳጥሬ ነበር የምመልሰው። ያን ቀን ግን ዘርዝሬ ነገርኳቸው። ጸጥ ብለው ሰሙኝና፣ «ታዲያ ይሄ መድኃኒት አሁን ቢሰጠኝስ?» አሉ።

መልሱን አውቀዋለሁ። ትምህርቱን በጀመርኩ በመጀመሪያው ወር የተማርኩት ነገር ነው። ግን ከአፌ የወጣው «እስቲ አጣርቼ እነግርዎታለሁ» የሚል ነበር። ምን የሚጣራ ነገር አለና ነው? ያንን መልስ ሳልሰጥ ተመልሼ መጣሁ፤ ለወራት ሲከነክነኝ ከረመ።

አንድ ፉት ቡና

ጨረር ሰውን እንዴት እንደሚጎዳ ሰው ሲጠይቀኝ በቡና ነው የምጀምረው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው መላ አካሉ በአንድ ጊዜ 4 ግሬይ ጨረር (1 ግሬይ ማለት በአንድ ኪሎ ላይ አንድ ጁል ጉልበት ማረፉ ነው) ቢያርፍበትና ሕክምና ባያገኝ፣ የመሞትና የመትረፍ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው። ያ ሁሉ ጨረር ወደ አካሉ ያስገባው ጉልበት ግን 280 ጁል ብቻ ነው። ከትኩስ ቡና አንድ ጊዜ ፉት ስንል ከምናገኘው ሙቀት አይበልጥም። የሰውየውን ሙቀት በአንድ ዲግሪ አንድ ሺኛ ያህል ቢጨምር ነው። ገዳይ ያደረገው እንግዲህ መጠኑ አይደለም፤ የሚያርፍበት ቦታ ነው።

ሴል አብዛኛው ነገሩ ውሃ ነው። ጨረሩ ውሃውን ይሰብርና ሃይድሮክሲል የሚባል ጉጉ ቁርጥራጭ ይፈጥራል። ዕድሜው የሰከንድ ቢሊዮንኛ አካባቢ ነው። በዚያች ዕድሜው አጠገቡ ያገኘውን ሁሉ ይነካል፤ የሴሉን የዘር መመሪያ የያዘውን ባለ ሁለት ገመድ ዲኤንኤ ካገኘ እሱን ይበጥሳል። የኤክስሬይና የጋማ ጨረር ዲኤንኤ ላይ ከሚያደርሱት ጉዳት ሁለት ሦስተኛው ገደማ የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው። 1 ግሬይ ብቻውን በአንድ ሴል ውስጥ 1,000 ያህል ቦታ ላይ አንደኛውን የዲኤንኤ ገመድ ይቆርጣል። ሴሉ ይህን ይጠግነዋል። ሁለቱም ገመዶች አንድ ላይ የሚበጠሱባቸው ከ20 እስከ 40 የሚሆኑት ቦታዎች ናቸው አደገኞቹ።

በ1949 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ሃርቪ ፓት እና ባልደረቦቹ ቺካጎ አጠገብ ባለው አርጎን ብሔራዊ ላቦራቶሪ ውስጥ ለአይጦች ሲስቴይን ሰጡ። ሲስቴይን ድኝ ያለበት አሚኖ አሲድ ነው፤ በምንበላው ምግብ ውስጥም አለ። ገዳይ መጠን ያለው ኤክስሬይ ከመተኮሱ በፊት ሲስቴይን ከተሰጣቸው አይጦች ብዙዎቹ ተረፉ። ድኙ ሃይድሮክሲሉን ዲኤንኤው ጋ ሳይደርስ ቀድሞ ይቀበለዋል፤ የተጎዳውም ዲኤንኤ ቢሆን ቁስሉ ሳይደርቅበት ያጣውን ሃይድሮጅን ከድኙ ይመለስለታል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው ዓይን ከመርገብገቡ በፊት ነው። ሲስቴይኑ ከጨረሩ በኋላ የተሰጣቸው አይጦች ምንም አልተጠቀሙም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለው ተረት ለዚህ የተተረተ ይመስለኛል። የውሻው ጉልበት ችግር የለበትም፣ ድምፁም ያው ነው። ጅቡ ግን ሄዷል። ለጋሼ መመለስ የነበረብኝ ይህንን ነበር፤ የእሳቸው ጅብ ከሄደ አራት ወር ሆኖታል።

ከ4,000 በላይ የተፈተሹት

ከሂሮሺማና ናጋሳኪ በኋላ በዚህ ጉዳይ ላይ ገንዘብ ያፈሰሰው የጦር ሠራዊት ነው። የአሜሪካ ጦር ዋልተር ሪድ የተባለው የምርምር ተቋሙ በ1950ዎቹ መጨረሻ በጀመረው መርሐ ግብር ከ4,000 በላይ ውህዶችን አንድ በአንድ ፈተሸ። ፍለጋው ወታደር ኪሱ ውስጥ ይዞት የሚዞር፣ የኑክሌር ቦምብ ሲመጣ የሚውጠው ክኒን ነበር። ክኒኑ አልተገኘም። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ጎልቶ የወጣው ደብሊው አር 2721 የተባለው ነው፤ ሁለቱ ፊደላት የተቋሙ ስም ምሕጻር ናቸው። ዛሬ አሚፎስቲን ይባላል። በክኒን መልክ አይሠራም፤ በደም ሥር ነው የሚሰጠው።

አሚፎስቲንን የምወደው በአንድ ብልሃቱ ነው። ሲገባ ድኙ በፎስፌት ተሸፍኖ፣ ተኝቶ ነው የሚገባው። ሽፋኑን የሚገፍለት በደም ሥሮች ግድግዳ ላይ የሚገኝ አልካላይን ፎስፋቴዝ የተባለ ኢንዛይም ነው። ጤናማ ሥጋ ይህ ኢንዛይም በብዛት አለው፣ ደሙም በደንብ ይደርሰዋል። የካንሰር እብጠት ደም ሥሩ የተዘበራረቀ ነው፣ ውስጡ አሲዳማ ነው፣ ኢንዛይሙም እዚያ ደካማ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ጤናማው ሥጋ ውስጥ ቶሎ ይነቃል፤ ካንሰሩ ውስጥ ይዘገያል። ስንዴውን ከእንክርዳዱ የሚለየው በዚህ ነው።

በ1999 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ አንገታቸውና ጭንቅላታቸው ላይ ጨረር የሚሰጣቸውን ሕሙማን ከአፍ መድረቅ እንዲከላከል ፈቀደለት። ፈቃዱ የተደገፈበት፣ ከ300 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት በ2000 ታትሟል። ጨረር ብቻ ከተሰጣቸው 57 በመቶ ያህሉ ለረጅም ጊዜ የሚዘልቅ የአፍ መድረቅ ሲያጋጥማቸው፣ አሚፎስቲን ከወሰዱት ግን 34 በመቶ ናቸው። ትልቅ ልዩነት ነው። እንዲህም ሆኖ በየቀኑ ከጨረሩ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ቀድሞ በመርፌ መሰጠት አለበት፤ ያቅለሸልሻል፣ ያስመልሳል፣ የደም ግፊትን ድንገት ያወርዳል። 35 ቀን እንዲህ ማለት ነው። በጥናቱ ላይ የሚነሳ አንድ ቅሬታም አለ፤ ማን መድኃኒቱን እንደወሰደ ማን እንዳልወሰደ ሐኪሙም ታማሚውም ያውቁ ነበር። በእርግጥ ምራቁም ተመዝኗል፣ ሚዛኑም መድኃኒቱን ነው የደገፈው። የመጀመሪያ ቀን ይህን ቅሬታ ሳነብ «እንዴ፣ ማወቃቸው ምን ይለውጣል? የደረቀ አፍ የደረቀ አፍ ነው» ብዬ አልፌው ነበር።

ሃምሳ

የሰው ሴል ከጨረር መትረፍ አለመትረፉን የምናውቀው በመዝራት ነው። በቃ፣ እንደ ዘር። ለምሳሌ 100 ሴሎች በትነን ጨረር ሳይነካቸው 70 የሚሆኑት ሥር ሰድደው ከበቀሉ፣ ያ መነሻችን ነው። ጨረር ያገኛቸውን ደግሞ ለብቻ እንዘራለን። ከዚያ 37 ዲግሪ ሙቀት ያለው ኢንኩቤተር ውስጥ ሁለት ሳምንት እንጠብቃለን። የተረፈ ሴል ይከፈላል፣ ልጆቹም ይከፈላሉ፣ እዚያው ተጠጋግተው ኮሎኒ ይሆናሉ። ክሪስታል ቫዮሌት በሚባል ቀለም ሲቀቡ ሳህኑ ላይ ሐምራዊ ነጠብጣብ ሆነው ይታያሉ። አንድ ነጠብጣብ ማለት አንድ የተረፈ ሴል ማለት ነው።

ይህን ዘዴ በሰው ሴል ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠቀሙት ቴዎዶር ፐክ እና ፊሊፕ ማርከስ ናቸው፤ በ1956፣ ኮሎራዶ ውስጥ። የተጠቀሙባቸው ሴሎች የሄንሪየታ ላክስ ነበሩ። በ1951 ባልቲሞር ውስጥ በማኅፀን በር ካንሰር የሞተች የአምስት ልጆች እናት ናት፤ ሴሎቿ የተወሰዱት ሳትጠየቅ ነው። እሷም ራሷ በራዲየም ጨረር ታክማ ነበር። የሰው ሴል ጨረርን ምን ያህል እንደሚችል መጀመሪያ የተለካው እንግዲህ ጨረር ባላዳናት ሴት ሴል ነው። ሳህኖቼን ከኢንኩቤተር ሳወጣ ይህ ብዙ ጊዜ ትዝ ይለኛል።

አሁን ወደ ራሴ ሳህኖች ልምጣ። የምፈትሸው ውህድ ድኝ ያለበት፣ የነቃው አሚፎስቲን የቅርብ ዘመድ ነው። ዕቅዱ ቀላል ነበር፦ ከቆዳ የመጡ ጤናማ ሴሎች፣ ከጉሮሮ ካንሰር የመጡ ሴሎች፣ ሁለቱም ከመድኃኒቱ ጋርና ያለመድኃኒቱ። መድኃኒቱ ከጨረሩ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይጨመራል። እኔ ግን በዕቅዱ ላይ የሌሉ ሦስት ሳህኖች ጨመርኩ። በእነሱ ላይ መድኃኒቱን የጨመርኩት ከጨረሩ አንድ ሰዓት በኋላ ነው። ክዳናቸው ላይ በማርከር «በኋላ» ብዬ በአማርኛ ጻፍኩባቸው፤ እዚያ ቤት አማርኛ የሚያነብ ከእኔ ሌላ የለም።

ለምን እንዳደረግሁት ማንም ቢጠይቀኝ ሳይንሳዊ ምክንያት ነበረኝ። እውነቱ ግን የጋሼ ሳህኖች መሆናቸው ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቀባሁ፣ አጠብኩ፣ አደረቅሁ፣ ለመቁጠር ተቀመጥኩ። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ነጠብጣቡ ኮሎኒ የሚባለው 50 ሴልና ከዚያ በላይ ሲኖረው ነው። ከ50 በታች ከሆነ ሴሉ ጥቂት ጊዜ ተከፋፍሎ የቆመ፣ ውስጡ የሞተ ነው ተብሎ ይታለፋል። ትልልቆቹ አያጠራጥሩም። የሚያስቸግሩት ዳር ላይ ያሉት ናቸው፤ በማይክሮስኮፕ እያየሁ 46፣ 48፣ 51 እያልኩ የምቆጥራቸው። አንዳንዶቹ ሴሎች ተደራርበው ይተኛሉ፤ አንድ ናቸው ወይስ ሁለት? ውሳኔው የቆጣሪው ነው።

ሁለተኛውን «በኋላ» እየቆጠርኩ እያለ አንድ ነጠብጣብ ላይ ደረስኩ። ቆጠርኩ፤ 47 ሆነ። እንደገና ቆጠርኩት፤ ተደራርበው የተኙትን ሁለት ሁለት አድርጌ 50 አደረስኩት። እስክሪብቶዬን አንስቼ ከሳህኑ በታች ነጥብ አደረግሁበት። ቀጥሎ ያለውንም እንዲሁ። ሦስተኛው ላይ እጄ ቆመ። ከአንድ ሰዓት በፊት መድኃኒት በሌለበት ሳህን ላይ ልክ እንዲህ ያለ ነጠብጣብ አጋጥሞኝ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቆጥሬ፣ «48፤ አይሆንም» ብዬ አልፌው ነበር። እሱን ሁለተኛ አልቆጠርኩትም። ለምን አልቆጠርኩትም?

ያኔ ጋሼ ታወሱኝ። ልጅ ሆኜ ክረምት ላይ ሱቃቸው እውል ነበር። የዘመድ ጤፍ ሲመጣ ከረጢቱን ሚዛን ላይ ያወጡና ዘወር ብለው ጎረቤታቸውን ይጠሩ ነበር። «ና አንብብልኝ፤ የኔ ዓይን ያዳላል» ይሉታል። እንደ ትሕትና ነበር የማየው። ሠላሳ ዓመት ሚዛን ላይ የቆመ ሰው ቁጥር ማንበብ ያቅተዋል እንዴ? አሁን ይገባኛል። ጋሼ ሊያጭበረብሩ እንደማይችሉ እርግጠኛ ነኝ፤ እሳቸው ይጠራጠሩ የነበረው ዓይናቸውን ነው። መርፌዋ በሁለት መስመር መሃል ስትቆም ወደየትኛው እንደምታዘነብል የሚወስነው የሚያነበው ሰው ልብ ነው። እኔም አልዋሸሁም። እያንዳንዱን ነጠብጣብ በእውነት ነው ያየሁት። ለአንዱ ግን ሁለት ጊዜ አየሁ፣ ለሌላው አንድ ጊዜ።

እስክሪብቶውን አስቀምጬ ብዙ ቆየሁ። ከሁሉ የከነከነኝ ደግሞ ሌላ ነው፤ ሳህኖቹ ቢሳካላቸው እንኳ ለጋሼ የሚሆን አንዳች ነገር አልነበራቸውም። አንድ ሰዓትና አራት ወር ምን አገናኛቸው? እያወቅሁ ነው ያደረግሁት። የሰው ልብ ተስፋ ሲፈልግ ስሌት አይሠራም።

በማግስቱ አብራኝ የምትሠራውን ልጅ የሁሉንም ሳህኖች ምልክት እንድትሸፍንልኝና ቦታቸውን እንድታቀያይርልኝ ለመንኳት። ነጥቦቼን በአልኮል ጠርጌ ከአንድ ጀምሬ እንደገና ቆጠርኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ ሙሉ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ሽፋኑ ሲነሳ «በኋላ» የተባሉት ሦስቱ ሳህኖች መድኃኒት ጨርሶ ካልነካቸው ጋር አንድ ናቸው። መድኃኒቱ ቀድሞ የተሰጣቸው ጤናማ ሴሎች በእርግጥ ተርፈዋል፤ ግን መጀመሪያ ከቆጠርኩት ያነሰ ነው። ለካስ እዚያም እጄ ለግሷል።

እንክርዳዱም ተረፈ

ስለ ካንሰር ሴሎቹ ሳህኖች አልተናገርኩም። እነሱም ተርፈዋል። ከጤናማዎቹ የማይተናነስ ነው የተረፉት።

መምህሬ ይህን ሲሰማ አልደነቀውም። ሳህን ውስጥ ደም ሥር የለም፣ ሩቅና ቅርብ የለም፣ አሲዳማ የእብጠት መሃል የለም። የነቃ ድኝ ሁሉም ሴል ላይ እኩል ይፈስሳል፣ ሁሉንም እኩል ይጠብቃል። አሚፎስቲን ስንዴና እንክርዳዱን የሚለየው ሙሉ አካል ውስጥ ሲሆን ነው፤ እዚያም ቢሆን ካንሰሩንም ይጠብቅ ይሆን የሚለው ሥጋት ለዓመታት ሐኪሞችን ሲያከራክር ኖሯል። እኔ ግን ያን ቀን ሐምራዊ ነጠብጣቦቹን ሳይ ሰውነቴ ቀዘቀዘ። ይህ ውህድ ከ35ቱ ቀናት በፊት በእጄ ቢኖርና ለጋሼ መስጠት ብችል እሰጣቸው ነበር። ምራቃቸው ይተርፍ ነበር ይሆናል። ካንሰሩስ?

«ይከላከላል ወይ?» ብቻ ብሎ መጠየቅ ግማሽ ጥያቄ ነው። ማንን? ከማን ለይቶ? ከዚያ ወዲህ ስለ አንድ አዲስ ውህድ ሳነብ ዓይኔ በቀጥታ የሚሄደው የካንሰር ሴሎቹ ውጤት ወዳለበት ገጽ ነው። ጤናማ ሴሎችን ብቻ ፈትሾ «ተከላካይ ተገኘ» የሚል ጽሑፍ ሳገኝ እናደዳለሁ፤ እዚያ መስመር ላይ የሰው ተስፋ እንዳለ አውቃለሁና።

ለኑክሌር አደጋ የሚዘጋጁት መድኃኒቶች ሌላ ዓለም ናቸው። እዚያ የሚለይ ካንሰር የለም፣ ግን ጤነኛ ሰው ላይ ጨረር ተኩሶ መፈተሽም አይቻልም። አሜሪካ ከ2002 ጀምሮ እንዲህ ላለው ነገር በእንስሳት ላይ የተገኘ ማስረጃ እንዲበቃ ሕግ አውጥታለች። ፊልግራስቲም በ2015 የተፈቀደው በዚህ መንገድ ነው። እሱ ደግሞ ጨረሩ ካለፈ በኋላ የሚሰጥ ነው፤ የተበጠሰውን ዲኤንኤ አይጠግንም፣ የተረፈው መቅኒ ነጭ የደም ሴል ቶሎ እንዲያመርት ያነሳሳል እንጂ።

ለምራቅ ደግሞ ትልቁ መፍትሔ የመጣው ከመድኃኒት አይደለም። ጨረሩን ከብዙ አቅጣጫ ቀርጾ የምራቅ ዕጢውን ዞሮ እንዲያልፍ የሚያደርግ ማሽን ነው ያመጣው። በ2011 በታተመ የእንግሊዝ ጥናት፣ በድሮው ዘዴ ከታከሙት 74 በመቶው ከዓመት በኋላ አፋቸው ክፉኛ ደርቆ ነበር፤ በአዲሱ 38 በመቶው። የጋሼ ጨረር የተሰጠው በድሮው ዘዴ ነው። እሱን ባሰብኩ ቁጥር ቁጭት ይይዘኛል፤ ሳህን፣ ኢንዛይም፣ ድኝ እያልኩ የምደክምለትን ምራቅ የተሻለ ማሽን ያተርፍላቸው ነበር ይሆናል።

ስልኩን የደወልኩት ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ሰላምታውን ጨርሰን፣ የዝናቡንም የጤፉንም ዋጋ አውርተን፣ «ጋሼ፣ ያኔ የጠየቁኝን ነገር ልንገርዎት ብዬ ነው» አልኳቸው። «መድኃኒቱ ከጨረሩ በፊት ካልተሰጠ አይሠራም። ከአንድ ሰዓት በኋላ እንኳ ሰጥቼ ሞክሬዋለሁ።»

ዝም አሉ። የሃይላንዷ ክዳን ሲከፈት፣ ውሃው ሲወርድ ሰማሁ።

«ለእኔ ብለሽ ነው የሞከርሽው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ማን አነበበልሽ?»

«አንዲት ልጅ ምልክቱን ሸፈነችልኝ። ሳላውቅ ነው የቆጠርኩት።»

«ጎሽ» አሉ። ከወዲያ በኩል አክስቴ ፍትፍቱ ሳይቀዘቅዝ እንዲመጡ ስትጠራቸው ተሰማኝ።